ሻሼን ሐኪም ፊት ልፈታው ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ «አብሬሽ ልግባ» ይላል

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

33 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለች ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿን የወለድኩት ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው፣ አሁንም ትጠባለች። ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ፀጉሬ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። ለመታየት ሄጄ ሻሼን እንኳ ሳልፈታ «የወሊድ ነው፣ ይመለሳል» ተብዬ ተመለስኩ። እውነትም የጆሮ ግንዴና የግንባሬ ዳር መለስ አለ። አናቴ ግን አልተመለሰም። ለጥምቀት አልባሶ ተሠራሁ፤ ከመጥበቁ የተነሳ ሁለት ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ መሃል አናቴን ይበላኛል፣ አንዳንዴም በርበሬ እንደተነሰነሰበት ያቃጥለኛል። ግንቦት ላይ እህቴ ስትዳር ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ሂውማን ሄር አሰፋሁበት። ሲፈታ አብሮት የወጣውን ፀጉር ሳይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሁን የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ቦታ ሳስቶ ቆዳዬ ያብረቀርቃል።

ያልሞከርኩት የለም። አማቴ ቅቤና ጸበል፣ ጎረቤቴ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት (ላጠኝ)፣ እኔ ራሴ ደግሞ ከፋርማሲ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ሻሽ የሚያደርጉት ለምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፀጉሬ ሳይሆን ልቤ ነው የረገፈው።

አሁን ሪፈር ተጽፎልኝ ለሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ፣ ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። አማቴ «ዘነበ ወርቅ? እዚያ ምን ልትሠሪ?» ብለው ደነገጡ። ባለቤቴ ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ «አብሬሽ ገብቼ እኔ አስረዳልሻለሁ» ይላል። ችግሩ እሱ ሦስተኛ ልጅ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ሳልነግረው የሦስት ወር መርፌ እወጋለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ሳላለቅስ እንዴት ላስረዳ? ደግሞስ ያ ሁሉ መንገድ ሄጄ እንደገና በሁለት ደቂቃ ቢሸኙኝስ?

ሻሿን የማትፈታው

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቀጠሮሽ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ ከሐኪሙ ጋር፣ አንዱ ከባለቤትሽ ጋር፤ ቀን የተቆረጠለት ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ስለ ልቅሶው አትጨነቂ። ከመጣ ይምጣ። የቆዳ ሐኪም ፊት ስለ ፀጉሯ ያለቀሰች የመጀመሪያዋ ሴት አትሆኚም። የእኔ ስጋት ሌላ ነው፤ አልቅሰሽ ስትወጪ ልትናገሪው ያሰብሽው ግማሹ ሳይነገር እንዳይቀር። ለእሱ ደግሞ ወረቀት አለ፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም አንድ ጊዜ ፀጉሬ ረግፏል። ተስቦ ይዞኝ ነበር። ድኜ፣ ወፍሬ፣ «አማረብሽ» እየተባልኩ ሳለ ነው ከሦስት ወር በኋላ ማበጠሪያዬ ሙሉ መውጣት የጀመረው። ምን በላሁ፣ ማን አየኝ እያልኩ ያላማሁት ሰው አልነበረም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰውነት ከባድ ነገር ሲደርስበት፣ ትኩሳት ይሁን ወሊድ ወይ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙውን ፀጉር በአንድ ጊዜ እረፍት ያስወጣዋል። ያ ፀጉር ወዲያው አይወድቅም። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚረግፈው። ለዚህ ነው ሴቶች ሁልጊዜ ምክንያቱን ትናንት ውስጥ የሚፈልጉትና የሚያጡት። ሚያዝያ ወልደሽ ነሐሴ ላይ መርገፍ መጀመርሽ ልክ እሱን ይመስላል። ያኔ «የወሊድ ነው» መባልሽ ስህተት ነው አልልም፣ ሻሽሽን ሳያስፈቱሽ መሸኘታቸው ነው ያናደደኝ።

ግን የወሊድ መርገፍ ከመላው ራስ ነው የሚሄደው፣ ልጁ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ባመዛኙ ይመለሳል። ያንቺ ልጅ 14 ወር ሆናታል። አንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም አናት ላይ፣ የሚበላና የሚያቃጥል፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፤ ይሄ የነሐሴው ታሪክ ቀጣይ አይመስለኝም። ሌላ ታሪክ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ስሙንም አልሰጥሽም። የማውቀው ግን የእኛን ዓይነት ፀጉር ባላቸው ሴቶች ላይ ከመሃል አናት ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ የፀጉሩን መውጫ በጠባሳ የሚዘጋ ዓይነት መኖሩን ነው። መውጫው አንዴ ከተዘጋ ያ ቦታ መልሶ አያበቅልም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ባለበት ሊቆም ይችላል። ላስፈራሽ አይደለም። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ ጭርትም ራስ ላይ ይወጣል። ይህን ያልኩሽ ሁሉም ጥያቄ ቢጠፋሽ አንዱን እንዳትረሺው ነው፦ «ዶክተር፣ ይሄ ጠባሳ የሚያስቀረው ዓይነት ነው ወይስ አይደለም?» በይ። ይሄ ጥያቄ ተጠይቆ በሁለት ደቂቃ መሸኘት ያስቸግራል፤ ለመመለስ የግድ ቀረብ ብለው ማየት አለባቸውና።

አሁን ወረቀቱ። የማስተማሪያ ዕቅድ እንደምታወጪው አስቢው፣ ግን ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ከላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመጣሽበትን፦ «ከጥር ጀምሮ መሃል አናቴ ይበላኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ፀጉሩም እየሳሳ ነው።» ከሥሩ በወር በወር። ሚያዝያ፣ ወለድኩ፣ ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ነሐሴ፣ ከመላው ራሴ ረገፈ። ጥር፣ ጠባብ አልባሶ። ግንቦት፣ ሂውማን ሄር ተሰፋ። ከዚያ የቀባሽውንና የዋጥሽውን በሙሉ፣ ነጭ ሽንኩርቷም ሳትቀር። ሪላክሰር ስንት ዓመት ተጠቅመሻል? ፔስትራና ካስክስ? እናትሽ፣ አክስቶችሽ አናታቸው የሳሳ አለ? (ባህላችን ሻሽ ስለሆነ ይሄን አናውቅም። ደውለሽ ጠይቂ፤ ስንት አክስት በሻሽ ሥር ዝም ብላ እንደኖረች ትሰሚያለሽ።) የወር አበባሽ፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች፣ ክብደት ቀንሰሽ እንደሆነም ጻፊ። ወረቀቱን እያየሽ ማንበብ ነውር አይደለም። ድምፅሽ ከተቆረጠ ደግሞ ዝም ብለሽ አቀብያቸው።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ጠዋት ማበጠሪያሽ ላይ ከቀረው ፀጉር አንዷን ዘንግ አንሺና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪያት። ጫፏን እይ። አንደኛው ጫፍ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነጭ ነጥብ ካለች ከሥሯ ነው የወጣችው። ነጥቧ ከሌለችና ዘንጓ አጭር ከሆነች ተቆርጣ ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሚጠይቅሽ አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ ይነቀላል ወይስ ይሰበራል? መልሱም የተለያየ መንገድ ይመራል። በነገራችን ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘንግ መርገፍ የማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው፤ ስለዚህ እየቆጠርሽ ራስሽን አታሰቃዪ። ከቁጥር ይልቅ ፎቶ ይሻልሻል። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ እህትሽ ከላይ ወደ ታች ታንሳሽ። የጥር ወይም የዓምና ፎቶ አናትሽ የሚታይበት ካለ ፈልጊና ስልክሽ ላይ አዘጋጂው። «በፊት እንዲህ ነበርኩ» ከማለት ማሳየት ይሻላል።

ፀጉርሽን ተፈትሾ ይታይ ዘንድ አራቁቺው። ሹሩባ ካለ ይፈታ፣ ቅቤ አይነካ፣ ዘይትም። ቅቤ የተቀባ አናት ላይ ቅርፊቱም፣ መቅላቱም፣ የፀጉሩ መውጫም አይታይም። ከሁለት ቀን በፊት ታጠቢና በዚያው ተይው፤ ሐኪሞች አንዳንዴ ጥቂት ዘንግ በጣታቸው ይዘው ቀስ አድርገው ስንት እንደሚወጣ ይስባሉ፣ በዕለቱ ከታጠብሽ የሚረግፈው ቀድሞ ይሄዳል። ሻሽሽን አድርገሽ ሂጂ፣ የደብረ ብርሃንን ንፋስ አውቀዋለሁ። ክፍሉ ገብተሽ ግን እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። ቁጭ እንዳልሽ ፍቺው። አንዴ ከተፈታ በኋላ ያለው ይቀልሻል።

ባዮቲኗን በተመለከተ፣ አሁኑኑ አቁሚያት። ጎዳችሽ ብዬ ሳይሆን፣ የደም ምርመራን፣ በተለይ የእንቅርት ዕጢን ውጤት፣ ልታዛባ ስለምትችል ነው። እስከ መቼ ስትወስጃት እንደነበርም ንገሪያቸው። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይም ከመጠን በታችም ሲሠራ ፀጉር ያረግፋል። ደምሽንና የብረት ክምችትሽን ሊያዩም ይችላሉ፤ በወሊድ ደም ለፈሰሳት፣ ለምታጠባ ሴት ይሄ ተገቢ ምርመራ ነው። ካላነሱት «ደሜና እንቅርቴ ቢታይስ?» በይ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብሽ፣ አናትሽ ሲታከም ደም ማነሱ ተደብቆ እንዳይቀር። ለዚህ ደም ምርመራ ጦም ማደር ባብዛኛው አያስፈልግም፤ ስኳርና ስብም እናያለን ካሉሽ ግን ሌላ ነው፣ ቀድመሽ ጠይቂ።

ጾም ስል፣ ሰኔ ነውና የሐዋርያትን እየጾምሽ ነው? ለመኮነን አይደለም፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ግን እያጠባሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ፣ ከዚያም ሻይ በዳቦ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ብረት የሚጨምር ኪኒን ከታዘዘልሽ ደግሞ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ዋጪው፣ ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ከበላሽ በኋላ ወዲያው ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል ትእዛዝ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ምናልባት ከአናትሽ ትንሽ ቆዳ ለምርመራ እንውሰድ ሊሉሽ ይችላሉ። ባዮፕሲ ይሉታል፣ ስሙ ያስደነግጣል። የሚወሰደው አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አደንዝዘው ነው፣ አንድ ሁለት ስፌት ነው። ጠባሳ ነው አይደለም የሚለውን በደንብ የሚለየው እሱ ስለሆነ እኔ ብሆን እሺ እላለሁ። ሚኖክሲዲል የሚባል ፀጉር ለማብቀል የሚቀባ መድኃኒት ቢያዙልሽ ከመግዛትሽ በፊት «አጠባለሁ» በይ። ደግሞም ጠይቂ፣ ስንት ወር ነው የምጠቀመው? ስተወውስ? ለውጡ ለመታየት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ይበልጥ ሊያረግፍ ይችላል፤ ያንን ያልተነገራት ሴት በሁለተኛው ወር ጠርሙሱን ትጥለዋለች። ዋጋውንም ጠይቂ። የአስተማሪ ደመወዝ ምን እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀጠሮ።

ባለቤትሽ ከጥር ወዲህ አናትሽን አይቶታል? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። ሻሽሽን አድርገሽ የምትተኚ መሰለኝ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። እውነት ከሆነ ግን ያንን ገላ እንግዳ ሐኪም ከእሱ በፊት ሊያየው ነው፣ እሱ ደግሞ ያላየውን «አስረዳልሻለሁ» እያለ ነው። በደግነቱ አልጠራጠርም። ግን ያንቺን ነገር አንቺ ብትናገሪው ይሻላል፤ ሚስት ዝም ብላ ባል ሲናገር ሐኪሙም ለባልየው መመለስ ይጀምራል፣ አይቼዋለሁ።

መርፌውን ከሐኪሙ አትደብቂ። ፀጉር መሳሳት ከመርፌው የጎንዮሽ ችግሮች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ያንቺ ከእሱ ነው ማለት ግን አይደለም፣ የሚያቃጥል አናት የእሱ ጠባይ አይመስልም። መድኃኒት ሲመርጡልሽም የማርገዝ ዕድልሽን ማወቅ አለባቸው፣ ለፀጉር ከሚታዘዙት ውስጥ ለእርጉዝ የማይሆኑ አሉ። ደንግጠሽ ራስሽ እንዳታቋርጪውም፤ አቋርጠሽ ብታረግዢ ነሐሴን እንደገና ነው የምትጀምሪው። ወረቀቱ ላይ ጻፊው። ባለቤትሽ አብሮሽ ከሄደ ግን ያቺን መስመር በሌላ ቁራጭ ወረቀት አድርጊያት፣ ወይም ስምሽ ሲጠራ ለነርሷ ቀረብ ብለሽ «መጀመሪያ ብቻዬን ብገባ» በያት። የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ለምን ብላ አትሟገትሽም። ሐኪም ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መርፌውን ለመውሰድም የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም፣ እሱን አጥብቄ ልንገርሽ።

ለባለቤትሽ መንገሩ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ላይ አንቺን አላጣድፍም። እስካሁን ያልነገርሽው ለምንድነው? ይቆጣል ብለሽ ነው ወይስ ያዝናል ብለሽ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቁጣው የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ እጁ የሚነሳ ሰው ከሆነ፣ የነገርኩሽን ሁሉ ተይና ቀድሞ ለአንድ የምታምኚያት ሰው ንገሪ፣ እኔም ጋ መልሰሽ ጻፊ። ደብዳቤሽ ግን የሚያሳየኝ ሁለተኛውን ነው። እንደዚያ ከሆነ ከአናትሽ ብትጀምሪስ? አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻሽሽን ፍችና መብራቱ ሥር ቁጭ በይ። «ይኸው፣ እስካሁን ደብቄህ ነበር» በይው። ይሄን እንዴት እንደሚቀበል ስታዪ የሌላውን መልስ ግማሹን ታገኚዋለሽ። መርፌውን ከነገርሽውም «አንተን አልፈልግም» ማለት እንዳልሆነ እሱ ይስማ፤ ሰውነቴ ገና አልተመለሰም፣ ደሜ ይሞላ፣ ትንሿ ጡት ትተው፣ ከዚያ እንነጋገር። ይሄ እውነት ከሆነ ነው እንግዲህ። ሦስተኛ ልጅ ጭራሽ የማትፈልጊ ከሆነም እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ የቀጠሮው ሳምንት ላይ አትክፈቺው።

ከቀጠሮው በፊት ለመንገር ካልቻልሽም የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ባለቤትሽን ሥራ ስጪው። ልጅቷን ያዝልኝ፣ ካርድ አውጣልኝ፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ አብረኸኝ ስማ። «መጨረሻ ላይ እጠራሃለሁ» በይው። የሚሠራው ነገር ያገኘ ባል በር ላይ መጠበቅ አይከብደውም።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። የእሳቸው ዘመን ሰው ዘነበ ወርቅ ሲባል የሚመጣበት የሥጋ ደዌ ብቻ ነው፤ ቦታው የተቋቋመው ለእሱ ነበርና። ዛሬ አለርት የሚሄደው ጭርት የያዘውም፣ ብጉር ያስቸገረውም፣ እንዳንቺ ፀጉር የረገፈውም ነው። ይሄንኑ በቀላሉ ንገሪያቸው። ጸበሉንም አትተዪ፣ ከሐኪሙ ጋር አይጣላም። ቅቤው ግን እስከ ቀጠሮው ይቆይ፤ «ሐኪሙ ንጹሕ አድርገሽ ነይ ብሎኛል» በያቸው፣ በእኔ ይሁንብሽ። ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ ለወጥ ብቻ። እስከዚያው አናትሽን የሚስብ ነገር አትሠሪ፤ ሹሩባም፣ ስፌትም፣ ጠበቅ ያለ ማስያዣም። ላላ ያለ ሻሽ ይበቃል፣ ከውስጥ ለስለስ ያለ ጨርቅ ብታደርጊበት ይሻላል።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሰኔ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ጭጋግም አለ። ከተቻለሽ ከዋዜማው ገብተሽ ዘመድ ቤት እደሪ። ካልተቻለሽ በመጀመሪያው መኪና ሂጂ፣ ጋቢሽን ያዢ። ሪፈር ወረቀቱን፣ መታወቂያሽን፣ የወሊድ ካርድሽን፣ የድሮ ውጤቶችሽን፣ የባዮቲኑን ጠርሙስ በአንድ ፌስታል አድርጊያቸው። የመልስ ቀጠሮ የሚሰጡሽን ቀን እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ አስጽፊ፣ የበሽታውንም ስም በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ ራሳቸው እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ክትትል ብትፈልጊ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

ሻሽሽን የምትፈቺበት ማታ የትኛው እንደሚሆን ግን አልወሰንሽም። ከእሑድ በፊት ይሆን? ጻፊልኝ።